ፋይቲንግ ጌም ለምን አይሰለችም? የ30 ዓመት ጌም ዛሬም የሚያስጫውተው ምንድን ነው?

የታሪክ ጌም ጀምራችሁ ጨረሳችሁ እንበል። መጨረሻውን አያችሁ፣ ደስ አላችሁ፣ በቃ። ከዚያ በኋላ ጌሙ ሚሞሪ ከመያዝ ውጪ ብዙም ስራ የለውም። ፋይቲንግ ጌም ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሁለት ተፋላሚ፣ አንድ ሜዳ፣ ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ሰዓት። ታሪኩን በቅጡ የሚያስታውስ ሰው እንኳ ጥቂት ነው። እንዲሁ ሲያዩት በሳምንቱ ሊሰለች የሚገባው ነገር ነው።

ግን አልሰለቸም። በ1991 የወጣው ስትሪት ፋይተር 2፣ በ1999 የወጣው ስትሪት ፋይተር 3 ሰርድ ስትራይክ፣ በ2001 የወጣው ሱፐር ስማሽ ብሮስ ሜሌ እስካሁን ውድድር ይዘጋጅላቸዋል። (በዚህ ጽሁፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከእነሱ በኋላ የወጡ፣ በምስል ጥራት በብዙ እጥፍ የሚበልጧቸው ስንትና ስንት ጌሞች ግን ስማቸውም ተረስቷል።

ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? ጥያቄው የጨዋታ ብቻ አይደለም። ጌም ቤት በሰዓት ለሚከፍል፣ ከዳታው ቆጥቦ ጌም ለሚያወርድ ሰው የብርና የጊዜ ጉዳይ ነው። አጭሩ መልሳችን ይሄ ነው፦ ፋይቲንግ ጌምን የሚያስደግመው ውስጡ የታጨቀው ነገር ብዛት ሳይሆን ከጎናችሁ ጆይስቲክ ይዞ የተቀመጠው ሰው ነው። ጥሩ ፋይቲንግ ጌም ያንን ሰው ደጋግማችሁ እንድታነቡት እድል ይሰጣችኋል። ዝርዝሩን አብረን እንይ።

1. ሁለት ዓይነት "አንዴ ልድገመው" አለ

አንዱ ከጌሙ ይመጣል፦ ያልተከፈተ ካራክተር፣ ያልታየ መጨረሻ፣ ያልተገኘ ልብስ። ሌላው ከሰው ይመጣል፦ "ቅድም እንዴት አሸነፈኝ? ቆይ አንዴ!" የሚለው።

የመጀመሪያውን ቴከን 3 ጥሩ አድርጎ ያሳየናል። ጌሙ በ1997 በአርኬድ፣ ማለትም ሳንቲም እየተከተተ በሚሰራው ትልቅ ማሽን ወጣ፤ በ1998 ወደ ፕሌይስቴሽን 1 መጣ። መጀመሪያ ሲከፈት ሁሉም ካራክተር አይገኝም። በአንዱ ስትጨርሱ ሌላ ይከፈታል፣ የየራሳቸውን የመጨረሻ ፊልምም ታያላችሁ። ትንሹን ዳይኖሰር ጎንን ለማግኘት በኳስ የሚፋለሙበት ቴከን ቦል፣ ዶክተር ቦስኮኖቪችን ለማግኘት ደግሞ ቴከን ፎርስ የተባለውን ክፍል ደጋግሞ መጨረስ ነበረባችሁ።

ሞርታል ኮምባት ደግሞ በምስጢር ነበር ሰውን የያዘው። በ1992 ሲወጣ ሬፕታይል የተባለ ድብቅ ተፋላሚ ነበረው። በዚያው ጌም የማሽኑ የቴክኒክ ሜኑ ላይ "ኤርማክስ" የሚል ጽሁፍ ይታይ ነበር። ጽሁፉ የፕሮግራም ስህተት መቁጠሪያ ነበር፤ ተጫዋቾች ግን "ኤርማክ የሚባል የተደበቀ ካራክተር አለ" ብለው ወሬውን አዛመቱት። ወሬው ከመብዛቱ የተነሳ ሰሪዎቹ በ1995 በአልቲሜት ሞርታል ኮምባት 3 ኤርማክን የእውነት አስገቡት።

ይሄ ሁሉ ደስ ይላል፣ ግን ያልቃል። ሁሉም ሲከፈት የሚከፈት ነገር የለም። ዛሬማ ምስጢር በወጣ በሰዓታት ውስጥ ዩቲዩብ ላይ ነው።

ጥቅም የለውም ማለት ግን አይደለም። ስትሪት ፋይተር 5 በ2016 ሲወጣ ብቻውን ለሚጫወት ሰው የሚሆን የተለመደው አርኬድ ሞድ እንኳ አልነበረውም። ፍልሚያው ራሱ ጥሩ ነበር፤ አዲስ ገቢው ግን ከጌሙ ጋር ቀስ ብሎ የሚተዋወቅበት ቦታ አነሰው፤ ቅሬታውም በረታ። አርኬድ ሞድ የተጨመረው በ2018 ነው። በ2023 የመጣው ስትሪት ፋይተር 6 ግን ብቻውን ለሚጫወት ሰው ወርልድ ቱር የሚባል ሰፊ ክፍል፣ ለጀማሪ ደግሞ ቀለል ያለ የበተን አጠቃቀም ይዞ ወጣ። ስለዚህ የሚከፈቱ ነገሮች በር ናቸው። ሰው በበሩ ይገባል፤ ቤቱ ውስጥ የሚያቆየው ግን ሌላ ነው።

2. ዋናው ነገር፦ ሰው ማንበብ

አብዛኛው ፋይቲንግ ጌም መሰረቱ ሲታይ ድንጋይ-ወረቀት-መቀስ ነው። ምት ይዞ መጣልን ያሸንፋል፤ ይዞ መጣል መከላከልን ያሸንፋል፤ መከላከል ምትን ያሸንፋል። ተጋጣሚያችሁ ወድቆ እየተነሳ ነው እንበል። ልትመቱት ነው ወይስ ልትይዙት? እሱስ ብሎክ ሊያደርግ ነው ወይስ ሊመታ?

እውነተኛው ድንጋይ-ወረቀት-መቀስ ቶሎ የሚሰለቸው የሦስቱም ዋጋ እኩል ስለሆነ ነው፤ ዝም ብሎ እድል ይሆናል። ፋይቲንግ ጌም ላይ ግን ዋጋው እኩል አይደለም። ተይዞ መውደቅ ትንሽ ደም ያስከፍላል፤ ያለ ቦታው በተን መጫን ግማሽ ደም ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ሰው ይፈራል፣ ይደፍራል፣ ይናደዳል፣ ልማድ ያወጣል። አንዱ ሲጨንቀው ሁልጊዜ ይዘላል። ሌላው ሁለቴ ከተመታ በኋላ ሦስተኛውን ብሎክ ማድረግ ይለምዳል። ይሄንን ያየ ተጋጣሚ ሦስተኛው ላይ ይይዘዋል። ያኛውም ይሄን ያውቅና በሚቀጥለው ይቀይራል። ጃፓኖች ለዚህ "ዮሚ" የሚል ቃል አላቸው፤ ማንበብ ማለት ነው።

ሰፈር ውስጥ በቆርኪ ዳማ የሚጫወቱ ሰዎችን አስቡ። ሰሌዳው ለዓመታት ያው ነው፤ ቆርኪውም ያው ነው። ግን ሁለት የተዋወቁ ተጫዋቾች ማታ ማታ ሲገናኙ ጨዋታው አያረጅም፤ ትናንት የሆነውን ሁለቱም ይዘውት ይመጣሉና። ፋይቲንግ ጌምም እንደዚያው ነው፤ ሜዳው አይቀየርም፣ ሰው ግን ይቀየራል።

3. በሰከንድ 60 ፍሬም፦ የሚታይና የማይታይ ምት

ይሄ ክፍል ትንሽ ቁጥር አለው፣ ታገሱን። አብዛኛው ፋይቲንግ ጌም በሰከንድ 60 ምስል ያሳያል። አንዱ ምስል ፍሬም ይባላል፤ 16.7 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። እያንዳንዱ ምት ከመነሳቱ እስከ ማረፉ የሚወስደው ፍሬም ተቆጥሮ የተሰራ ነው። በቴከን ፈጣኑ ቡጢ ብዙውን ጊዜ 10 ፍሬም ይፈጃል፤ በስትሪት ፋይተር ደግሞ ፈጣኖቹ 4 ፍሬም አካባቢ ናቸው።

በሌላ በኩል ሰው አንድ ነገር አይቶ ጣቱን ለማንቀሳቀስ በአማካይ ከ200 እስከ 250 ሚሊ ሰከንድ ይፈልጋል። በፍሬም ሲሰላ ከ12 እስከ 15 ማለት ነው። እንግዲህ ምስጢሩ እዚህ ጋ ነው፦ ፈጣኑን ቡጢ አይቶ መመለስ አይቻልም፤ አስቀድሞ መገመት ብቻ ነው ያለው። ቀርፋፋውን ምት ወይም ዝላይን ግን ያየ ሰው መመለስ ይችላል፤ ትኩረቱ ሌላ ቦታ ካልሆነ።

ጥሩ ጌም ሁለቱን ይቀላቅላል። ሁሉም ነገር ፈጣን ቢሆን ጌሙ ቁማር ይሆን ነበር። ሁሉም ቀርፋፋ ቢሆን ደግሞ ማንም ማንንም አይመታም። በመሃል ያለው ቦታ ላይ ግን ዓይንም፣ ጣትም፣ ግምትም ይሰራሉ። ለዚህ ነው ሺህ ጊዜ ተጫውታችሁም ሺህ አንደኛው ላይ የምትሻሻሉበት ነገር የማይጠፋው።

4. መሰላሉ፦ ትናንት ያሸነፋችሁ ነገር ዛሬ መልስ አለው

ቴከን ላይ ኤዲ ጎርዶን የማያውቅ የለም። ካፖኤራ የሚጫወተው ብራዚላዊ። ምንም የማያውቅ ሰው የእርግጫ ሁለቱን በተኖች እያፈራረቀ ሲጫን ኤዲ ይሽከረከራል፣ ይገለባበጣል፣ ጓደኛውም ይሸነፋል። "ይሄማ ማጭበርበር ነው!" የሚለው ጭቅጭቅ ከዚያ ይጀምራል።

ግን ማጭበርበር አይደለም፤ የመጀመሪያው የመሰላሉ እርከን ነው። የተሸነፈው ጓደኛ ቀስ ብሎ ያስተውላል፦ የትኛው እርግጫ ከላይ፣ የትኛው ከታች እንደሚመጣ፤ የትኛውን ብሎክ ካደረገ በኋላ መልሶ መምታት እንደሚችል። አንድ ቀን የኤዲው ልጅ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ይሸነፋል። አሁን እሱም መማር ግድ ይሆንበታል።

ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ጌም እንዲህ ያለ መሰላል አለው። በየእርከኑ አንድ የሚያስቸግር ነገርና ለዚያ ነገር የሚሆን መልስ አለ፤ መልሱም ጌሙ ውስጥ ነው፣ በእጃችሁ ነው፣ አይገዛም። መሰላሉ አጭር የሆነ ጌም ቶሎ ይሰለቻል። የታችኛው እርከኑ በጣም ከፍ ያለ ጌም ደግሞ ጀማሪውን ከበር ይመልሰዋል።

5. ካራክተር ሲበዛ ጌም ይረዝማል?

ሂሳቡን እንስራ። ስትሪት ፋይተር 2 መጀመሪያ ሲወጣ የሚመረጡት ካራክተሮች 8 ነበሩ። 8 ካራክተር 28 የተለያየ ጥምረት ይፈጥራል። በጥር 2024 የወጣው ቴከን 8 በ32 ካራክተር ጀመረ፤ ይሄ 496 ጥምረት ነው። ሲሰሙት በጣም ትልቅ ልዩነት ነው።

ግን ቁጥሩ ብቻውን ያሳስታል። በ2000 የወጣው ማርቭል ቨርሰስ ካፕኮም 2 ካራክተሮቹ 56 ነበሩ። በከፍተኛ ውድድር ላይ የሚታዩት ግን ማግኒቶ፣ ስቶርም፣ ሴንቲኔል፣ ኬብልና ጥቂት ሌሎች ብቻ ናቸው። የሚገርመው ጌሙ በዚህ አልሞተም፤ ከአስር ዓመት በላይ በውድድር ቆይቷል። ምክንያቱም እነዚያ ጥቂቶቹ እርስ በርስ የሚፈጥሩት ፍልሚያ ጥልቅ ነበር።

ከብዛት ይልቅ የሚበልጠው ልዩነት ነው። ስትሪት ፋይተር ላይ ርዩ ከሩቅ ሃዱከን እየወረወረ ርቀቱን መጠበቅ ይፈልጋል። ዛንጊፍ ደግሞ አንዴ ከተጠጋ ይዞ ይጥላል፤ ችግሩ መጠጋቱ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ጥያቄው "ማን ጎበዝ ነው?" ብቻ አይደለም፤ "ሜዳው የማን ይሆናል?" ነው። አንዱን ካራክተር ለወራት ተጫውታችሁ ወደ ሌላው ስትቀይሩ ያንኑ ጌም እንደ አዲስ ትጀምሩታላችሁ። ልብሳቸው ብቻ የሚለያይ 100 ካራክተር ግን አንድ ካራክተር ነው።

6. ሰሪዎቹም ያላሰቡት ነገር

ዛሬ ያለ ኮምቦ ፋይቲንግ ጌም አይታሰብም። አመጣጡ ግን በአጋጣሚ ነው። ስትሪት ፋይተር 2 ሲሰራ ከፕሮዲውሰሮቹ አንዱ ኖሪታካ ፉናሚዙ መኪና የሚሰባበርበትን የጉርሻ ክፍል ሲፈትሽ በምት መሃል ሌላ ምት ማስገባት እንደሚቻል አስተዋለ። ጊዜውን መጠበቅ በጣም ከባድ ስለሆነ ማንም የሚጠቀምበት አልመሰለውም፤ እንዳለ ተወው። ተጫዋቾች ግን አገኙት፣ ተለማመዱት፣ የጌሙ ልብ አደረጉት።

ሌላው ምሳሌ በ2004 ካሊፎርኒያ ውስጥ በተካሄደው ኢቮ የተባለ ታዋቂ ውድድር ላይ የሆነው ነው። ጌሙ ሰርድ ስትራይክ። ጃፓናዊው ዳይጎ ኡመሃራ በኬን፣ አሜሪካዊው ጀስቲን ዎንግ በቹን-ሊ። የዳይጎ ደም ሊያልቅ ምንም አልቀረውም፤ አንድ ልዩ ምት ብሎክ ቢያደርግ እንኳ በዚያው ይሞታል። ጀስቲን የቹን-ሊን ሱፐር ለቀቀ፤ 15 ተከታታይ ምት። ዳይጎ ብሎክ አላደረገም። በጌሙ ውስጥ ፓሪ የሚባል ነገር አለ፦ ምቱ ሊያርፍ ሲል በትክክለኛው ቅጽበት ወደ ተጋጣሚ አቅጣጫ መጫን። ከዘገየ ይመታል፣ ከቸኮለም ይመታል። ዳይጎ 15ቱንም አንድ በአንድ መለሰና በራሱ ኮምቦ ጨረሰው። አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። በነገራችን ላይ የውድድሩን ፍጻሜ ዳይጎ አላሸነፈም፤ ሰው ግን የሚያስታውሰው ያንን ቅጽበት ነው።

ልብ በሉ፦ ጌሙ ያኔ አምስት ዓመቱ ነበር። አዲስ ካራክተር አልተጨመረበትም። ሰው ግን ሊደረግ ይችላል ብሎ ያላሰበውን ነገር አየበት፤ ከዚያ በኋላ ያንን 15 ፓሪ መለማመድ በራሱ ፈተና ሆነ። ጌሙን ሰሪዎቹ ከጨረሱት በኋላ ተጫዋቾቹ ገና ይቀጥሉበታል።

7. ሽንፈቱ አጭር፣ ጥፋቱ የራስ

በቡድን ጌም ስትሸነፉ ሌላ ሰው ላይ ማሳበብ ይቻላል፤ አንድ ጨዋታም ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ፋይቲንግ ጌም ላይ ግን አንድ ዙር ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 99 ሰከንድ ነው፤ በዚያ ላይ ሰዓቱ ሳያልቅ ነው የሚጠናቀቀው። የሚሳበብበት ሰው የለም። የገደላችሁን ምት አይታችሁታል፤ ንዴቱ ሳይበርድ እንደገና መሞከር ትችላላችሁ።

የአርኬድ ቤቶች ደንብ ይሄንን አጎላው፦ ያሸነፈ ይቀጥላል፣ የተሸነፈ ይነሳል። እኛ ሀገር ፕሌይስቴሽን ቤቶችም ደንቡ የታወቀ ነው፤ ፊፋም ሆነ ቴከን፣ ተሸናፊ ጆይስቲኩን ያቀብላል። ተራ ጠብቆ የሚቀመጠው ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ የአሸናፊውን ልማድ እያየ ነው። ወረፋው ራሱ ትምህርት ቤት ነው።

8. አፕዴት፦ መድሃኒትም ራስ ምታትም

ካፕኮም ከ1991 እስከ 1994 ባለው ጊዜ ስትሪት ፋይተር 2ን በአምስት ስሪት አውጥቶታል። አንዱ አለቆቹን የሚመረጡ ካራክተሮች አደረገ፣ ሌላው ፍጥነቱን ጨመረ፣ ሌላው አዳዲስ ተፋላሚ አስገባ። ዛሬ ይሄ ስራ በኢንተርኔት አፕዴት ይሰራል፤ በጣም ጠንካራ የሆነው ካራክተር ይቀነሳል፣ ደካማው ይጠናከራል።

ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ ጌሙ እንደገና ትኩስ ይሆናል። ጉዳቱ ደግሞ ለወራት የተማራችሁት ነገር በአንድ ሌሊት ሊጠፋ መቻሉ ነው። በተጨማሪም አዲስ ካራክተር በብር ሲሸጥ ያልገዛው ሰው እሱን ለመለማመድም ይቸገራል። ቴከን 7 በ2019 የምቶችን ፍሬም የሚያሳየውን መረጃ ራሱ ለብቻው በክፍያ ሲያቀርብ ብዙ ተጫዋች የተቆጣው ለዚህ ነው፤ እውቀት ነው የተሸጠው።

ሜሌ ግን ሌላውን መንገድ ያሳየናል። በአፕዴት አይነካም፤ እንደወጣ ነው። ተጫዋቾቹ ግን ከ20 ዓመት በኋላም አዲስ መልስ እያገኙበት ነው። አፕዴት ጌምን ሊያግዝ ይችላል፤ ጥልቀት የሌለውን ጌም ግን ጥልቅ አያደርገውም።

9. ኢንተርኔት፦ ርቀት ፍሬም ይበላል

ከሩቅ ሰው ጋር መጫወት ጌሙን ያረዝመዋል፤ ማለቂያ የሌለው ተጋጣሚ ታገኛላችሁ። ችግሩ ፒንግ ነው። መረጃ በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከአዲስ አበባ እስከ ጀርመኗ ፍራንክፈርት በቀጥታ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ደርሶ መልሱ ምንም ሳያዘገየው 50 ሚሊ ሰከንድ ያልፋል፤ ሦስት ፍሬም ሄደ ማለት ነው። ገመዱ ግን በቀጥታ አይሄድም፤ ፒንጉ 150 ከሆነ ደርሶ መልሱ 9 ፍሬም ነው። 10 ፍሬም ቡጢ ባለበት ጌም ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

የቀድሞዎቹ ጌሞች የሁለታችሁም ትዕዛዝ እስኪደርስ ይጠብቁ ነበር፤ በተን ትጫናላችሁ፣ ካራክተሩ ዘግይቶ ይነሳል። በ2006 ቶኒ ካነን የተባለ አሜሪካዊ ፕሮግራመር ጂጂፒኦ የሚባል መፍትሄ አመጣ። ካነን ከኢቮ ውድድር መስራቾች አንዱ ነው። ዘዴው ሮልባክ ይባላል፦ ጌሙ አይጠብቅም፤ ተጋጣሚያችሁ የሚያደርገውን ገምቶ ይቀጥላል። እውነተኛው ትዕዛዝ ሲደርስ ግምቱ ስህተት ከሆነ ጥቂት ፍሬም ወደ ኋላ ተመልሶ ያስተካክለዋል። በ2020 ስሊፒ የተባለው ፕሮጀክት ይሄንን ዘዴ ወደ ሜሌ አመጣው፤ የ19 ዓመት ጌም ባለቤቱ ኩባንያ ሳይነካው በኢንተርኔት በጥራት መጫወት ተቻለ።

ሮልባክ ብዙ ያግዛል፤ ርቀትን ግን አያጠፋም። ጌም ስትመርጡ "ኦንላይን አለው ወይ?" ብቻ ሳይሆን "ሮልባክ አለው ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ።

10. ከላሆር የመጣው መልስ

ለዓመታት የቴከን ጉልበት ያለው ደቡብ ኮሪያና ጃፓን ነው ይባል ነበር። በየካቲት 2019 ጃፓን በተደረገው ኢቮ ጃፓን ላይ ግን አርስላን አሽ የሚባል ከፓኪስታኗ ላሆር የመጣ ወጣት አሸነፈ። ብዙዎች አያውቁትም ነበር። በዚያው ዓመት ክረምት ላስ ቬጋስ ላይ ዋናውን ኢቮንም ወሰደ። ካሸነፈ በኋላ ያለው ነገር ከድሉ በላይ አስገረመ፤ ሀገሩ ውስጥ ሌሎች ጠንካራ ተጫዋቾች እንዳሉ ተናገረ። ኒ በሚል ስም የሚታወቀው የኮሪያው ባለ ብዙ ድል ተጫዋች ወደ ፓኪስታን ሄዶ ገጠማቸው፤ ቀላልም አልሆነለትም። አርስላን በ2023 እና በ2024 ደግሞ ኢቮን አሸነፈ።

እዚያ ትልቅ ስፖንሰር ወይም ቅርብ ሰርቨር አልነበረም። የነበረው አርኬድ ቤትና በየቀኑ ፊት ለፊት የሚገናኙ፣ የተዋወቁ ልጆች ናቸው። አንዱ አዲስ ነገር ሲያገኝ ሌላው በማግስቱ መልሱን ይዞ ይመጣል። ከላይ ያልነው መሰላል ማለት ይሄ ነው፤ አንዱ ሌላውን እየገፋ ነው የወጡት።

ለእኛም ትምህርቱ እዚህ ላይ ነው። ፒንግ ቢያስቸግርም፣ አዲሱ ኮንሶል ቢወደድም፣ አንድ ጌም፣ አንድ ክፍልና የማይቀሩ አምስት ስድስት ሰዎች ካሉ ጥልቀቱ ይገኛል።

11. ስልክ ላይስ?

ስልክ ላይ መጀመሪያ የሚያስቸግረው ስክሪኑ ነው። ጣት በተኑን አይዳስሰውም፤ ትክክለኛ ጊዜ የሚፈልግ ነገር ይከብዳል። ስለዚህ ብዙ የስልክ ፋይቲንግ ጌሞች የምት አይነት ይቀንሱና ቦታውን በማሳደግ ይሞሉታል፦ መሳሪያ ግዛ፣ ልብስ አሻሽል፣ ደረጃ ጨምር።

ሻዶው ፋይት 2 ለዚህ የሚታወቅ ምሳሌ ነው። እንቅስቃሴው ያምራል፤ ብቻውን ለሚጫወት ሰው ደስ ይላል። ግን ለረጅም ጊዜ የሚያስደግመው አብዛኛው ነገር የመሳሪያና የትጥቅ ቁጥር ማሳደግ ነው። ቁጥሩ የሚበልጥ ተጋጣሚ ሲመጣ ችሎታ ብቻ አያወጣም፤ ወይ ደጋግማችሁ ትሰበስባላችሁ፣ ወይ ትከፍላላችሁ።

ብራውልሃላ ደግሞ በሌላው በኩል ይቆማል። በ2017 ሙሉ ለሙሉ ወጣ፣ በ2020 ወደ ስልክ መጣ፣ በነጻ ነው። በየሳምንቱ የሚቀያየሩ ነጻ ካራክተሮች አሉት፤ በስልክ ሆናችሁ ከኮምፒውተርና ከኮንሶል ተጫዋች ጋር መግጠም ትችላላችሁ። በብር የሚገዛው ልብስና ጌጥ ጉልበት አይጨምርም። የተሸነፋችሁት ያኛው ስለበለጠ ነው፤ ነገ ልትበልጡት ትችላላችሁ።

መለያው አንድ ነው፦ "ልድገመው" የምትሉት ስለተማራችሁ ነው ወይስ ቁጥራችሁ ስላነሰ?

12. ከማውረዳችሁ ወይም ከመግዛታችሁ በፊት

• ከፋዩና ያልከፈለው ሲገናኙ ጉልበታቸው እኩል ነው?
• ከጓደኛ ጋር ጎን ለጎን ወይም በቅርብ መጫወት ይቻላል?
• ስትሸነፉ ለምን እንደተሸነፋችሁ ታውቃላችሁ? መለማመጃ ክፍል አለው?
• ካራክተሮቹ በአጨዋወት ይለያያሉ ወይስ በልብስ ብቻ?
• ኦንላይን ከሆነ ሮልባክ አለው? አቅራቢያችሁ የሚጫወት ሰውስ አለ?
• "ኢነርጂ አልቋል፣ ጠብቅ ወይም ክፈል" እያለ ያስቆማችኋል?

ከእነዚህ ሁሉ አንዷን ብቻ ምረጡ ከተባልን ሁለተኛዋን እንመርጣለን። አብሯችሁ የሚጫወት ሰው ካለ የ1998ቱ ቴከን 3 እንኳ ዛሬ ማታ አዲስ ነገር ያሳያችኋል። ሰው ከሌለ ግን 500 ጥምረት ያለው ጌምም በወሩ አቧራ ይለብሳል።

እናንተስ? ለዓመታት ሳይሰለቻችሁ የተጫወታችሁት ፋይቲንግ ጌም የትኛው ነው? ሁልጊዜ ኤዲን ለሚመርጠው ጓደኛችሁ ደግሞ ይሄን ጽሁፍ ላኩለት።